ጋሼን እንጠይቅ፦ የዲፕሎማት ሕይወት (የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ)

ሰላም ጎረቤቶች። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በውጭ ጉዳይ ሥራ ነው። መብራት ሳይሄድ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ልናገር፦ «ምደባ እናስገኛለን» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ደላላ አትመኑ።

ጋሼ፣ አምባሳደር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?
ቁርጥ ያለ ዓመት የለውም። ከታች የሚነሳ ሰው ከሦስተኛ ጸሐፊ ጀምሮ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ አማካሪ፣ ሚኒስትር አማካሪ እያለ ይወጣል። ከሌላ ቦታ በቀጥታ የሚሾምም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል። ተቀባዩ አገር ይሁንታ ካልሰጠ ግን አይኬድም። የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት ለምን እንደከለከለ እንኳ እንዲናገር አያስገድደውም።

ደመወዙስ? ከቀረጥ ነጻ መኪናውስ?
ይለፈኝ።

ጥሩ ዲፕሎማት ምን ዓይነት ነው?
በጣም ሰፊ ነው። ጠበብ አድርገህ ጠይቅ።

ከእኛ ዲፕሎማቶች ማንን ያደንቃሉ?
አሁን ጠየቅሽ! የጃንሆይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ከተማ ይፍሩን። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የጋናው ንክሩማ፣ የግብጹ ናስርና የጊኒው ሴኩ ቱሬ ያሉበት የካዛብላንካ ቡድን የአፍሪካ አንድነት አሁኑኑ ይሁን ይላል። የሞንሮቪያው ቡድን ቀስ ተብሎ ይሁን ባይ ነው። ከተማ ይፍሩ ለንጉሡ ያቀረቡት ምክር ከአንዱ ጎራ ከመጠጋት ሁለቱን ማገናኘት ይሻላል የሚል ነበር። ጃንሆይም በጥር 1954 ሌጎስ ሄደው ኢትዮጵያ የአፍሪካ እንጂ የማንም ቡድን እንዳልሆነች ተናገሩ። ከዚያ ዋናው ልፋት መጣ፤ ከአገር አገር መዞር፣ መሪዎቹን አንድ በአንድ ማነጋገር፣ አንዱ የሌላውን እንዳይጠረጥር ማድረግ። ግንቦት 17 ቀን 1955 በአፍሪካ አዳራሽ የታየው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ፊርማ የዚያ ሁሉ መጨረሻ ነው። እኔ ሙያው ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚህ ነው፤ ስብሰባው የሚያልቀው ሰው ሳይሰበሰብ ነው።

(ሌላ ጎረቤት) ክብሩ የጃንሆይ ነው። 32ቱን መሪ ማን ጠርቶ አስፈረመ?
(ሌላ ጎረቤት) ሚኒስትሩ ባይዞሩ ማን ይመጣ ነበር?
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ደግሞም ከ32ቱ ሞሮኮና ቶጎ የፈረሙት በኋላ ነው። የቶጎው ፕሬዚዳንት ኦሊምፒዮ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተገድለው ነበር። ንጉሡ ባይፈቅዱ ሚኒስትሩ አይዞሩም፣ ሚኒስትሩ ባይዞሩም የንጉሡ ጥሪ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። አቶ ከተማን ደርግ ለዓመታት አሰራቸው። እሱን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

(ሌላ ጎረቤት) የአሁኑ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ዓለም በቃኝ እስር ቤት የነበረበት ነው አይደል?
አዎ። ከርዕሱ አንውጣ።

ጀማሪ ዲፕሎማት ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?
ይጽፋል። እኔ ከስብሰባ ወጥቼ የመኪናው በር ሳይዘጋ ማስታወሻዬን እከፍት ነበር። የተቀባዩ አገር ሚኒስትር «እናያለን» ሲሉ ዓይናቸው ወደ አስተርጓሚው ሄዶ ከሆነ ያንንም እጽፋለሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያነበው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ! ማሳመር ክልክል ነው። አለቃህ መስማት የሚፈልገውን ከጻፍክ አገርህን አሳሳትክ ማለት ነው።

ጋሼ፣ ልጄ በሕግ ተመርቋል፤ አንድ ሰው በትንሽ ብር አስገባዋለሁ ብሎኛል...
እማማ፣ ቅድም ጽፌያለሁ! አይስጡ። አምስት ሳንቲም አይስጡ። ማስታወቂያ ሲወጣ ራሱ ይመዝገብና ይፈተን። እስከዚያ ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ ይማር፣ አንድ ገጽ ሪፖርትም አጥርቶ መጻፍ ይልመድ። ጽፎ ቤቴ ያምጣው፣ አርሜ እሰጠዋለሁ።