«ኩኪ ይቀበላሉ?» ለሚለው መስኮት ምን እንመልስ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኩኪ ምንድን ነው? ቫይረስ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ድረ ገጹ ብራውዘርዎ (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት መተግበሪያ) ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው፤ መጠኑ ከ4 ኪሎባይት እምብዛም አያልፍም። በአብዛኛው የሚይዘው ስምዎን ሳይሆን መለያ ቁጥር ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። የከፈቱት ድረ ገጽ ራሱ ከሆነ፣ በየገጹ የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅዎ ይረዳል። የማስታወቂያ ኩባንያ ከሆነ ግን፣ ኮዱ ባለባቸው ሌሎች ድረ ገጾችም ላይ ያንኑ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ጠዋት ስለ ስኳር በሽታ ያነበቡትና ማታ የፈለጉት ጫማ አንድ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ አልቀበልም ብል ገጹ አይበላሽብኝም?

መልስ፦ በአብዛኛው አይበላሽም። ለመግቢያና ለግዢ ቅርጫት የግድ የሚያስፈልጉት ኩኪዎች ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ሊጎድል የሚችለው ከሌላ ቦታ የመጣ ቪዲዮ ወይም ካርታ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ የሚመጣው «ሁሉንም ተቀበል» እና «ቅንብሮች» ብቻ ነው። እምቢ የምለው የት ነው?

መልስ፦ «ቅንብሮች» ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። የፈቃድ ማብሪያዎቹ ጠፍተው ስለሚያገኟቸው የጨረሱ ይመስልዎታል። አጠገቡ «ሕጋዊ ጥቅም» የሚል ሌላ ክፍል ካለ ይክፈቱት፤ እዚያ ያሉት ብዙ ጊዜ በርተው ነው የሚጠብቁት፣ ምክንያቱም ኩባንያው ያለ ፈቃድዎም መብት አለኝ ይላል። «ተቃወም» የሚለውን ይጫኑ። የአጋሮች (መረጃዎን የሚጋሩ ኩባንያዎች) ዝርዝርም ካለ እንደዚሁ ያድርጉ። ሲጨርሱ ደምቆ የሚታየውን ትልቁን ቁልፍ አይንኩ፤ እሱ ያጠፉትን ሁሉ መልሶ የሚያበራው «ሁሉንም ተቀበል» ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት «ምርጫዬን አስቀምጥ» ነው።

ይህን ያህል መድከም አልነበረብዎትም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ሲል ወስኗል። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም ጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው፣ መቀበል በአንድ ጠቅታ ሲያልቅ እምቢታ ብዙ ጠቅታ ስለጠየቀ ነው።

ጥያቄ፦ ቸኩዬ ተቀብያለሁ። አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። ገጹ ግርጌ ላይ «የኩኪ ቅንብሮች» የሚል ማያያዣ ይፈልጉና ፈቃድዎን ያንሱ፤ ከዚያ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪዎች ከብራውዘሩ ያጥፉ። መስኮቱ እንደ አዲስ ሲመጣብዎ እምቢ ይበሉ። አስቀድሞ የተላከው መረጃ ግን በዚህ አይመለስም። የአውሮፓው ሕግ የሚገዛው ድርጅት ከሆነ እንዲያጠፋልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት።

ጥያቄ፦ ኩኪ በየቀኑ አጠፋለሁ፤ መስኮቱ ግን ይብስበታል።

መልስ፦ እምቢታዎም የሚቀመጠው ኩኪ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ይልቅ የሦስተኛ ወገን ኩኪን፣ ማለትም ከከፈቱት ድረ ገጽ ሌላ የሆነ ኩባንያ የሚያስቀምጠውን፣ ብቻ ያግዱ። ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ያግዳል፤ ክሮም ላይ «ግላዊነትና ደህንነት» ውስጥ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ኢንኮግኒቶስ (ታሪክ የማያስቀምጠው የብራውዘር መስኮት) አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ታሪኩን ከራስዎ መሣሪያ ላይ ነው የሚያጠፋው፤ የአይፒ አድራሻዎ (የኢንተርኔት መስመርዎ መለያ ቁጥር) ለድረ ገጹ ይታያል። በኢሜይልዎ ከገቡ ደግሞ ኩኪም አያስፈልግም፤ የኢሜይል አድራሻው ወደ ኮድ ተለውጦ ከሌሎች መዝገቦች ጋር ሊመሳከር ይችላል። ለጋዜጣና ለቅናሽ ምዝገባ ሌላ ኢሜይል ይያዙ።