ማንቆርቆሪያው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ያገኘችው የፈልሳፊዎች መጽሐፍ ጄምስ ዋት የማንቆርቆሪያ ክዳን በእንፋሎት ሲነሳ አይቶ የእንፋሎት ሞተር ፈለሰፈ ይላል። ፓሪስ ያለው አጎቷ ደግሞ በስልክ «ኧረ የኛው የፈረንሳዩ ፓፓን ነው» አላት። የቱን ትመን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም መምህሬ ማንቆርቆሪያውን በጠመኔ ሥሎ ነው ያስተማረኝ። ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ።

ሞተሩን የጀመረው ዋት አይደለም። በእንግሊዝ የዳርትመዝ ከተማ ብረት ነጋዴ የነበረው ቶማስ ኒውኮመን በ1712 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ሠርቷል። ዋት የተወለደው በ1736 ነው። በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የዚያን ሞተር ትንሽ ሞዴል ጠግን ተባለ። ሲሞክረው ጉዱን አየ። እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ቀዝቃዛ ውሃ የሚረጨው እዚያው እንፋሎቱ የሚገባበት በርሜል መሳይ ዕቃ (ሲሊንደሩ) ውስጥ ነበር። አንድ እንጀራ ባወጡ ቁጥር ምጣዱ ላይ ውሃ ቸልሰው እንደገና ቢያግሉት ማገዶው ምን ይሆናል? እንደዚያ ነው። ዋት በ1765 እንፋሎቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ እንዲቀዘቅዝ አሰበ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ማሻሻያ ነው።

ፓፓንም በ1690 ፒስተን (ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ክዳን መሳይ ነገር) በእንፋሎት የማንቀሳቀስ ሐሳብ አሳትሟል። ፕሮቴስታንት ስለነበር አገሩ አልተመቸችውም፤ የሠራው እንግሊዝና ጀርመን ነው። ፈረንሳይ «የኔ» ያለችው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሳይንቲስቱ ፍራንሷ አራጎ በ1834 ስለ ዋት ባደረገው ንግግር ለፓፓን አጥብቆ ተሟገተ። የሚገርመው፣ ዋት በማንቆርቆሪያው ሲጫወት አክስቱ የተቆጣችውን ታሪክ ካሰራጩት አንዱም ይኸው አራጎ ነው።

ብሪታንያውያኑም አልተኙም። ደራሲው ሳሙኤል ስማይልስ የመሐንዲሶችን ሕይወት በጥራዝ በጥራዝ ጻፈ። በ1859 ያወጣው «ራስን መርዳት» በአንድ ዓመት ብቻ 20,000 ቅጂ ተሸጠ። አንባቢው የፈለገው አገሬን የሠሯት እጃቸው የሻከረ ሰዎች ናቸው የሚል መጽሐፍ ነበር። ይህን እኔም እወድላቸዋለሁ። ችግሩ፣ የብዙ ሰው ድካም ለአንድ ጀግናና ለአንድ ባንዲራ መሰጠቱ ነው።

ስለዚህ ለልጅዎ ሦስቱንም ስም በተርታ ይጻፉላት፦ ፓፓን፣ ኒውኮመን፣ ዋት። ኒውኮመንን አደራ አይርሱት። ለዋት በለንደኑ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ግዙፍ ሐውልት ቆሞለት ነበር። ኒውኮመን የተቀበረው ለንደን፣ በንሂል ፊልድስ የሚባል የመቃብር ስፍራ ነው፤ መቃብሩ የቱ እንደሆነ ግን ዛሬ አይታወቅም።