«ደህና ነኝ» እያሉ መታመም

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ 6 ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ፤ በቅርቡም ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አይቶ በሽታው ረገብ ማለቱን ነግሮኛል። እኔን ግን አሁንም ያመኛል፤ ድካሙም አልለቀቀኝም። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ሆኖም "ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎሽ የለም እንዴ?" ካለኝ ጊዜ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብያለሁ። ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ" እለዋለሁ። ሻል ሲለኝ የቤቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን እጨርስና በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል። በትንሽ በትልቁ በልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ሸክም ሆኜባቸዋለሁ፤ አንዳንድ ማታ ተኝቼ በዚያው ባልነቃ እላለሁ። ችግሬ ሕመሙ ነው ወይስ አእምሮዬ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መልሴን ከደብዳቤዎ ማብቂያ አካባቢ እጀምራለሁ። ተኝቶ አለመንቃትን መመኘት ለዓመታት ሕመም በተጫነው ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚታይ ነው ማለት ግን ችላ ይባል ማለት አይደለም። በዚህ ሳምንት ውስጥ ለሐኪምዎ ወይም ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ለእኔ በጻፉልኝ ቃል ይንገሩ። ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻዎን ሳይሆኑ ወዲያውኑ ለባለቤትዎ ነግረው ወደ ድንገተኛ ሕክምና አብረው ይሂዱ። ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ለድባቴ የተጋለጡ ናቸው፤ ድባቴም ራሱን ችሎ ሊታከም የሚገባውና የሚቻል ሕመም ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሕመምንና አእምሮን እንደ ሁለት ተከሳሾች ለያይቶ ማቆም አይቻልም። በሽታዎ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን የመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ የደም ምርመራው የሚያሳየው ደግሞ በዋናነት የብግነቱን፣ ማለትም በዚህ ጥቃት የተነሣ የሚመጣውን የመቆጣትና የማበጥ፣ መጠን ነው። ብግነቱ ከቀነሰ በኋላም ቀድሞ የተጎዳ መገጣጠሚያ፣ ለዓመታት ሲነካኩ ኖረው ቶሎ የሚቆጡ ነርቮች፣ የእንቅልፍ እጦትና ጭንቀት ሕመሙን ሊያቆዩት ይችላሉ። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ መሠረት፣ ከአካል የሚነሣው የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚደርሰው በኅብረ ሰረሰር ውስጥ እየጎላ ወይም እየደከመ ነው፤ አንጎልም ራሱ በዚህ ላይ እጁን ያስገባል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመም የአካልም የስሜትም ገጠመኝ መሆኑን፣ ሰውም «አመመኝ» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል። ስለዚህ ምርመራዎ መሻሻሉም እውነት ነው፣ ማመምዎም እውነት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎ አብረውዎት ገብተው «ረገብ አለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሐኪሙ አንደበት ቢሰሙ ከእርስዎ ማስረዳት የተሻለ ይሠራል። ድካሙንም ለይተው ያንሡ፤ የደም ማነስ ወይም ሌላ ሊታከም የሚችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ዝምታዎ ልምጣ፤ በእኔ እይታ ትዳራችሁን ይበልጥ እየጎዳው ያለው እርሱ ነው። ባለቤትዎ ስለ ሕመምዎ የሚያውቁት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ሆኗል። ጠዋት ጣቶችዎ ተሳስረው የልጅዎን ሸሚዝ መቆለፍ አቅቶዎት፣ ቁልፉ ከጣትዎ እያመለጠ ሲታገሉ፣ ምናልባት እርሳቸው ከቤት ወጥተዋል። እርሳቸው የሚያዩት ትናንት ቤቱን ሙሉ ሲያጸዱ ውለው ዛሬ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛትዎን ነው። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ከዚህ ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው አኩርፋብኝ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እርስዎ ደግሞ ሳይነግሩት ባለመረዳቱ ይከፋዎታል።

ሐኪሞች ሕመምን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር መጠየቃቸው ለእነርሱ ይጠቅማቸዋል፤ ለባልና ሚስት ግን ብዙም አልወደውም። «ዛሬ 7 ነው» ሲባል የሰማው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ከዚያ ይልቅ ሕመሙ ያለበትን ሁኔታና የሚፈልጉትን ነገር አንድ ላይ ይንገሩ፦ «ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ልጆቹን አንተ አልብሳቸው፣ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ» እንደማለት። የመጨረሻዋን ሐረግ አይዝለሏት። ሁሉን ነገር ከታማሚው እጅ የሚቀማ ደግነት ሰውን ይበልጥ አቅም የለሽ ያደርገዋል፤ በምን እንዲያግዙዎት እንደሚፈልጉ የመናገርን ያህል በምን እንዲተዉልዎ እንደሚፈልጉ መናገርም አስፈላጊ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚፈልጉት መፍትሔ ሳይሆን ሰሚ ብቻ ከሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው። እርሳቸውም ደክሟቸው ይሆናል፤ ስለ ድካማቸው ሲናገሩ እንደ ወቀሳ ሳይወስዱት ይስሟቸው።

ሻል ባለዎት ቀን ሁሉን ጨርሶ በማግሥቱ መውደቅ በሥር የሰደደ ሕመም ውስጥ በእጅጉ የተለመደ አዙሪት ነው። ለማቆም ምልክትዎ ሕመሙ ከሆነ ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚያቆሙት። ቆሞ መሥራት ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚያሳምምዎ ከሆነ ደህና በሆኑበትም ቀን በ25 ደቂቃ አቁመው ይረፉ፤ ከዚያ ሰውነትዎ ሲለምደው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ሥራው በእጅዎ እያለ ማቆም «ሰነፈች ይሉኛል» የሚለውን ሐሳብ ይቀሰቅሳልና። ቀድሞ ሁሉን የሚያነሣው እጅዎ አሁን አለመቻሉ ሐዘን ነው፤ ጥርስዎን ነክሰው ካልሠሩ ዋጋ እንደሌለዎት የሚነግርዎትም ይኸው ሐዘን ይመስለኛል። ካለቀሱለት ያልቅሱለት። ሐሳቡ አልለቅ ካለዎት በሥር የሰደደ ሕመም ላይ ከሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የንግግር ሕክምና መጀመር ይጠቅማል፤ የሚሰጠውም ከመድኃኒትዎ ጎን ለጎን ነው።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ እናቱ ለምን እንደተቆጣች ያልተነገረው ልጅ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል። ከጮኹባቸው በኋላ በዕድሜያቸው ልክ «የጮኽሁት አሞኝ ስለተበሳጨሁ ነው፤ እናንተ አላጠፋችሁም፤ መጮኼ ግን ልክ አልነበረም» ይበሏቸው። ትንንሽ ሥራ ሊያግዙዎት ይችላሉ፤ ሕመምዎን የመጠበቅና እርስዎን የማጽናናት ኃላፊነት ግን በእነርሱ ላይ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ። እርሱን ከባለቤትዎና ከሚያምኗቸው አዋቂ ሰዎች ጋር ይካፈሉት።