ስለ ሞሪስ ቻንግና ስለ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ጠይቁኝ

ኢንጂነሩ፦ በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ሞሪስ ቻንግና እሱ ስለመሠረተው የታይዋን ቺፕ ፋብሪካ፣ ስለ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ.፣ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ቺፕ ማለት ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ሥራውን የምትሠራው ትንሿ ክፍል ናት። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ሰውየው «ተባረረ» አትበሉ፣ አልተባረረም። አክሲዮን እንግዛ ወይ ብላችሁም እኔን አትጠይቁ።

የሸገር ልጅ፦ ሰላም ጋሼ። በ55 ዓመቱ ከሥራ ተባሮ ነው አይደል ካምፓኒውን የጀመረው?

ኢንጂነሩ፦ ማሳሰቢያውን ዘለህ ነው የመጣኸው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቷል፤ የሴሚኮንዳክተሩን፣ ማለትም የቺፕና የመሰሎቹን፣ ዘርፍ በሙሉ መርቷል። ዋናው ወንበር ግን አልደረሰውም። መጀመሪያ ወደ ካልኩሌተርና ሰዓት ክፍል አዛወሩት፣ ቀጥሎ የጥራት ኃላፊ አደረጉት፤ ስሙ ትልቅ፣ ሥልጣኑ ባዶ። በ1983 ራሱ ለቀቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ጀነራል ኢንስትሩመንት የሚባል ሌላ የአሜሪካ ካምፓኒ ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ቢቆይም አልተመቸውም። በ1985 ታይዋን የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋሜን ምራልኝ ብላ ጠራችው። ካምፓኒው የተመሠረተው በ1987 ነው። 55 ዓመቱ ያልከው ልክ ነው።

ጀማሪው፦ ሰው ከወደቀ በኋላ እንዴት ነው የሚነሳው? ምን ይመክሩናል?

ኢንጂነሩ፦ ምክር ፈልገህ ከሆነ ሌላ ቦታ ሞክር። ስለ ሰውየው ለይተህ ጠይቅ።

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ቺፕ የሚያመርት ሞልቶ አልነበር እንዴ? እሱ ምን የተለየ ነገር ይዞ መጣ?

ኢንጂነሩ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ያኔ ትልልቆቹ ቺፕ ነዳፊዎች ፋብሪካም የራሳቸው ነበር። ፋብሪካ የሌለው ነዳፊ የእነሱን ትርፍ ጊዜ ለምኖ ነው የሚያሠራው፤ ንድፉን ለተፎካካሪው እያስረከበ ማለት ነው። ቻንግ ጀነራል ኢንስትሩመንት ሳለ ጎርደን ካምቤል የሚባል ሰው ቺፕ ካምፓኒ ልከፍት ነውና 50 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገኛል ብሎት ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቻንግ ቢደውልለት፣ ፋብሪካ መሥራቱን ትቶ ንድፉን ብቻ ስለያዘ 5 ሚሊዮን እንደሚበቃው ነገረው። ታይዋን ገብቶ የካምፓኒ እቅድ አምጣ ሲባል ያቺ ነገር ትዝ አለችው። የራሱ ምርት የሌለው፣ የሌላውን ንድፍ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ! ከደንበኛው ጋር ገበያ ላይ አይጋፋም፣ ስለዚህ ይታመናል። ትልቁ ቺፕ ነዳፊ ኢንቪዲያ ዛሬም የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም።

ታዛቢ፦ የመንግሥት ገንዘብ ተሸክሞ ማን ይወድቃል? ይሄ ሥራ ፈጣሪ ሳይሆን ሹመኛ ነው።

የሸገር ልጅ፦ ወንድሜ፣ የመንግሥት ገንዘብ ይዞ የወደቀ ስንቱን ልቁጠርልህ?

ታዛቢ፦ ቁጠራ። በራሱ ኪስ ከጀመረ ሰው ጋር ግን አታወዳድረው።

ነጋዴዋ፦ በራሱ ኪስ የጀመረ ማን አለ ደግሞ? ሁላችንም በእቁብና በዘመድ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እቁቡን ሌላ ቀን። ግማሽ ያህሉን የታይዋን መንግሥት ከፈለ። የሆላንዱ ፊሊፕስ ገንዘብና ቴክኖሎጂ አምጥቶ 27.5 በመቶ ያዘ። ቀሪውን ከሀገሪቱ ሀብታሞች ለማሰባሰብ መንግሥት ግፊት ማድረግ ነበረበት። ኢንቴልና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። ታዛቢ፣ ግማሽ እውነት አለህ፤ ግማሹን ብቻ።

ባለሙያው ነኝ፦ አክሲዮኑ አሁን ያዋጣል?

ኢንጂነሩ፦ ማሳሰቢያ ሁለት።

ቴክኒሻኑ፦ ዪልድ ዪልድ ሲሉ እሰማለሁ። ከእሱ ጋር ምን አገናኘው?

ኢንጂነሩ፦ ሁላችሁም የምትዘሉት እዚህ ጋ ነው። ዪልድ ማለት ከተመረተው ውስጥ በትክክል የሚሠራው ድርሻ ነው። በ1958 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እንደገባ ለኮምፒውተር ሠሪው አይቢኤም ትራንዚስተር (ኤሌክትሪክ የምታበራና የምታጠፋ ትንሽ ክፍል) የሚያመርት መስመር ሰጡት። ከሚመረተው ውስጥ የሚሠራው ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። መቶ እንጀራ ጋግረህ ሁለት ሦስቱ ብቻ ዓይን ቢያወጣ አስበው። ቻንግ ሙቀቱንና ግፊቱን እየቀያየረ ለወራት ሞክሮ ከ20 በመቶ በላይ አደረሰው። ጥሬ ዕቃው ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ የሚሸጠው ግን ብዙ እጥፍ። በቺፕ ሥራ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በዚህ ነው። ታይዋን ይዞት የሄደው ይህንን እውቀት ነው። እናንተ ቁጭቱን ታወራላችሁ፤ በቁጭት ቺፕ አይወጣም።

ሰናይት፦ ፈተና ወድቋል የሚባለውስ?

ኢንጂነሩ፦ እውነት ነው። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት መግቢያ ፈተናውን ሁለቴ ወድቋል። በ1955 ሥራ ሲፈልግ መኪና ሠሪው ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ የሴሚኮንዳክተር ክፍል የነበረው ሲልቫኒያ 480 ሰጡት። ፎርድን ጨምሩልኝ ቢል እምቢ አሉ፤ ሲልቫኒያ ሄደ፣ ወደ ሴሚኮንዳክተር የገባው በዚያ ነው። ዶክትሬቱን ኋላ በ1964 ከስታንፎርድ ያዘ፣ ወጪውን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ችሎለት።

ጀማሪው፦ ታዲያ ከተባረረ በኋላ ተስፋ ሳይቆርጥ...

ኢንጂነሩ፦ አልተባረረም አልኩ እኮ! ስንቴ ልበል?

የሸገር ልጅ፦ ጡረታ ወጥቶ ተመልሷል መባሉስ?

ኢንጂነሩ፦ በ2005 ሥራ አስኪያጅነቱን አስረከበ። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ተተኪው ሠራተኛ ቀነሰ። ቻንግ በ2009፣ በ77 ዓመቱ፣ ተመልሶ ወንበሩን ያዘና የተቀነሱትን እንዲመለሱ ጠራቸው። ሌላው ወጪ ሲሰበስብ እሱ ለአዲስ ፋብሪካና ለምርምር የሚመድበውን ጨመረ። ጨርሶ የወጣው በ2018 ነው። የቀረ ጥያቄ ካለ ነገ ከሥራ መልስ እናየዋለን።