«ሠርቶ አደር» ገበሬውን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ የአባቴን ወረቀቶች ሳገላብጥ የደርግ ዘመን «ሠርቶ አደር» ጋዜጣ አገኘሁ። «የሠራተኛውና የገበሬው ኅብረት» እያለ ይደጋግማል። ገበሬውም ሠርቶ ነው የሚያድረው። ታዲያ የጋዜጣው ስም የማን ነው? «ወዛደር» እና «ላብ አደር»ስ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ ስሙ የሁለቱም ነው፤ የተመረጠውም ለዚሁ ይመስለኛል። የደርግን ፓርቲ የሚያደራጀው ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ በ1972 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ ጋዜጣው ልሳኑ ሆነ። በ1977 ፓርቲው ራሱ፣ ኢሠፓ፣ ሲመሠረትም የፓርቲው ልሳን ሆኖ ቀጠለ። የማርክስና የሌኒን ትምህርት አብዮቱን ወዛደሩ፣ ማለትም የፋብሪካው ሠራተኛ መደብ፣ ይምራ ይላል። አገሩ ደግሞ የገበሬ አገር ነው፤ ፋብሪካው በጣት የሚቆጠር። ጋዜጣው «ወዛደር» ቢባል ገበሬው ውጭ ሊቀር ነው። «ገበሬ» ቢባል መሪው መደብ ሊጠፋ ነው። «ሠርቶ አደር» ግን አራሹንም፣ ሸማኔውንም፣ የፋብሪካውንም ሰው ያስገባል። ኅብረቱ ገና ከስሙ ጀመረ ማለት ነው። የ1979ኙ ሕገ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ሄዷል፦ መንግሥቱ የሠርቶ አደሩ ሕዝብ ነው፣ መሠረቱ የሠራተኛውና የገበሬው ኅብረት ነው።

«አደረ» የግዕዙ «ኀደረ» ነው፤ ኖረ፣ ተቀመጠ። «ማኅደር»ም ከዚያው ነው። ሠርቶ አደር ሠርቶ የሚኖር ነው እንጂ ሲሠራ የሚያነጋ አይደለም። ግን «ለጌታ አደረ» ስንል ገባለት፣ አገለገለው ማለታችን ነው። እንደ እኔ ግምት «አድር ባይ» የመጣው በዚህ በኩል ነው። ያ ዘመን የሚያሞግስበትንም የሚሰድብበትንም ከአንድ ግሥ ማውጣቱ ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ወዝ። ለጊዜው ከደርግ ጋር የተባበረው ፓርቲ መኢሶንና ደርግ ራሱ «ወዛደር» አሉ። ደርግን የተቃወመው ፓርቲ ኢሕአፓ «ላብ አደር» አለ። አንድን ሰው በምትመርጠው ቃል ብቻ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የምታውቅበት ጊዜ ነበር። «ወዝ የፊት ቅባት ነው፣ ላብ አይደለም፤ ወዛደር የተበላሸ ቃል ነው» የሚሉ ዛሬም አሉ። ለእነሱ ኦሪት ዘፍጥረት 3፥19ን ልጥቀስላቸው። ግዕዙ «በሐፈ ገጽከ» ያለውን የ1954ቱ አማርኛ «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ብሎታል። ሐፍ ላብ ነው። እግዜር የለም የሚለው አብዮተኛ የመደቡን ስም ከአዳም እርግማን አገኘው ብል ቅር የሚለው ይኖር ይሆናል፤ ይበለው። «ላብ አደር» ይበልጥ ግልጽ ነው፣ አልክድም። ለጆሮዬ ግን «ወዛደር» ይጥመኛል። ሁለቱ ቃላት ገጥመው አንድ ሆነዋል፤ ላቡ ግን ከአደሩ ጋር እስከ ዛሬ አልተዋሐደም።

የሚገርመው ገበሬው ነው። «ገበሬ» ከግዕዙ «ገብረ» ይወጣል፤ ሠራ፣ አደረገ። ግብር ሥራ ነበር፣ ኋላ ለጌታ የሚከፈለው ሆነ፣ «ገባር»ም ተከተለ። እንግዲህ በሥርወ ቃል ከሄድን «የሠራተኛውና የገበሬው ኅብረት» የሠራተኛና የሠራተኛ ኅብረት ነው! ሌኒን ግዕዝ ቢያውቅ ብዙ ቀለም ይተርፍ ነበር።

በተግባር ግን ማኅበራቱ ራሳቸው ቀላሉን ቃል ነው የያዙት፦ መኢሠማ የሠራተኞች፣ መኢገማ የገበሬዎች። ወዛደር የመፈክርና የርዕሰ አንቀጽ ቃል ሆኖ ኖሮ ከ1983 በኋላ ከሰልፉ ጋር አብሮ ወረደ። ዘመዱ «አርሶ አደር» ግን ተረፈ፣ እንዲያውም ሹመት አገኘ። ዜና አንባቢው ገበሬ ማለት ነውር የሆነበት ይመስል አርሶ አደር ይላል፣ አርብቶ አደር ይላል፣ ከፊል አርብቶ አደር ይላል። እኔ «ገበሬ»ን አልለቅም። ሕዝቡ ግን አርሶ አደርን ለምዷል፤ ልጆቼም ከዜናው ጋር ናቸው።

የላኩልኝ ላይ «ኅብረት»ን በብዙኃኑ «ኀ» ስለጻፉ አመሰግናለሁ፤ ሥሩ «ኀብረ» ነውና። «ኀደረ በአልፋው 'አ' አደረ ሲሆን ዝም ብለህ አሁን ምን ነካህ?» ብለው ቢሞግቱኝ አጥጋቢ መልስ የለኝም። ቢሆንም በሃሌታው «ሀ» አልጽፈውም።