መልስ፦ «ሳሙና» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«ሳሙና ስሙን ያገኘው ሳፖ ከሚባል የሮም ተራራ ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። ወሬው በየቦታው ይነገራል እንጂ እንዲህ ያለ ተራራ ለመኖሩ ማስረጃ የለም።

የእኛ «ሳሙና» ከዓረብኛው «ሳቡን» ጋር ዘመድ ነው፤ «ቡ» ወደ «ሙ» ዞራለች። ዓረብኛው ደግሞ ወደ ላቲኑ «ሳፖ» ይመልሰናል። ሮማውያንም ቢሆኑ ቃሉን ከሰሜን ጎረቤቶቻቸው እንደተዋሱት ነው የሚታመነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ሳፖ ከሞራና ከአመድ የሚሠራ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ሰዎች ፈጠራ ነው ይላል። ደስ የሚለው ነገር፣ እሱ የሚያወራው ስለ ገላ መታጠቢያ አይደለም። ፀጉር ቀይ ማድረጊያ ነው! የዘመኑ የፀጉር ቀለም በለው።

ተከታታይ ድራማ በእንግሊዝኛ ለምን «ሶፕ ኦፔራ» (የሳሙና ኦፔራ) ተባለ ላልከው ግን መልሱ አጭር ነው፦ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ተከታታይ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ የነበሩት ሳሙና አምራቾች ናቸው።