ደሴ ላይ ቤት በትክክል ስንት እንደተሸጠ ከየት ይታወቃል? ለጠያቂዋ እህታችን

እህታችን፣ ጥያቄዎን አንብቤዋለሁ። ዐረብ ሀገር በላብዎ ባጠራቀሙት ገንዘብ ደሴ ላይ መኖሪያ ቤት ሊገዙ እንዳሰቡ፣ ሦስት ደላሎች ለተመሳሳይ ቤት ፈጽሞ የማይቀራረብ ዋጋ እንደነገሩዎት ገልጸው፣ በቅርቡ የተሸጡ ቤቶች ስንት እንደሄዱ የሚያሳይ መዝገብ የት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። እኔም ከሪያድ ተመልሼ ለእናቴ ቤት ስገዛ ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ እርስዎ ያንን እንግልት እንዳያዩ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ። ስለ ካርታና ስለ እግድ ማጣራት ሌሎች አባላት በሚገባ ስለመለሱልዎት እኔ አልደግመውም።

አንደኛ፣ ያሰቡት ዓይነት መዝገብ ለማንኛውም ገዢ ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ የለም። ውል የሚመዘግበውም ሆነ ስም የሚያዛውረው ክፍል ፋይል የሚከፍተው ለባለጉዳዩ እንጂ ለሚያጠያይቅ ሰው አይደለም። ቢከፈትልዎት እንኳ ውስጡ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሻጭና ገዢ የተቀባበሉት ገንዘብ አይደለም። ለስም ዝውውር የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ የዋጋው 2 በመቶ ነው፤ ሻጩም ቤቱ ከግብር ነፃ ካልሆነ በስተቀር ባገኘው ትርፍ ላይ 15 በመቶ ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት በውል ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ማስፈር የቆየ ልማድ ሆኗል፤ ቀረጥ የሚያሰላው ክፍልም ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ግምት ያወጣል። እንግዲህ በውል የተጻፈው፣ በግምት የወጣውና በእጅ የተከፈለው ለየቅል ናቸው፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው የመጨረሻው ብቻ ነው። እግረ መንገዴን ግን እርስዎ ሲገዙ የከፈሉትን ገንዘብ በሙሉ በውሉ ላይ እንዲያሰፍሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ነገ ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ በሰነድ ማስረዳት የሚችሉት የተጻፈውን ያህል ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፣ ደላላ የሚነግርዎት የተጠየቀውን ዋጋ እንጂ የተሸጠበትን አይደለም። «ይህን የመሰለ ቤት ባለፈው ሳምንት በዚህ ዋጋ ሄደ» ሲልዎት፣ ቤቱ የትኛው እንደሆነና ገዢው ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁት። ደላሎች ቀብድ የተያዘበትን ቤት እንደተሸጠ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ቀብዱ ግን ሊፈርስ ይችላል። ደግሞም ገንዘቡ ከዐረብ ሀገር የመጣ መሆኑን ፈጽሞ አይንገሯቸው። ለእኔ 6 ሚሊዮን ብር የተባለው ቤት፣ እዚሁ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ሲጠይቅ በግማሽ ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ተነግሮታል። ያ ገንዘብ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ በሰው ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሦስተኛው ምክሬ ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ጥያቄዎን በጽሑፍ ይዘው እንዲሄዱ ነበር፤ ነገር ግን የደረሰብኝን ሳልነግርዎት ይህን ብቻ ብል ተመልሰው ያዝኑብኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ በአንድ ሰፈር በዓመቱ ውስጥ የተዛወሩ ቤቶችን ዋጋ የባለቤቶቹ ስም ሳይጠቀስ እንዲነግሩኝ በትሕትና ጠየቅሁ። ሠራተኛው ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ «ሰው የሸጠበት ዋጋ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። ማመልከቻ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። መዝገብ ቤት ይግባ ተባለ፤ ገባ። ከዚያም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል እየተባልኩ ስመላለስ ከርሜ፣ በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ «ምስጢር ነው» የሚል ነበር። ምስጢር ከሆነ በመጀመሪያው ዕለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን፣ ያ ሰው ከተቀመጠበት ክፍል በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሊዝ (ቦታ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝበት) ጨረታ አሸናፊዎች ዝርዝር፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ካቀረቡት ዋጋ ጋር ተለጥፎ መቆየቱ ነው። ወረቀቱ ከታች በኩል ተቀድዶ፣ ማኅተሙ በፀሐይ ደብዝዞ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሰው የከፈለው ወይም ሊከፍል የተስማማበት፣ በመንግሥት ፊት የታወቀ ዋጋ እዚያው ነበር፤ አንድም ሰው በጣቱ አላሳየኝም።

ስለዚህ ከዚያ ሰሌዳ ይጀምሩ። የሊዝ ጨረታ ዋጋ የባዶ ቦታ ዋጋ ስለሆነ ከቤት ሽያጭ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፤ ነገር ግን ለቦታው የሚጠየቁት ገንዘብ ከልክ ያለፈ መሆኑን ለማወቅ ይረዳዎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሊዝ ባለይዞታ ሲጀምር የጠቅላላውን ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል፤ ቤቱ ሲሸጥ ያልተከፈለው ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። ለምሳሌ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ብር ተሸጡ ቢባልና አንዱ 700,000 ብር የሊዝ ዕዳ ቢኖርበት፣ ገዢው የገዛው በ5,700,000 ብር ነው። ነባር ይዞታ (ወደ ሊዝ ሥርዓት ያልገባ የቆየ ይዞታ) እና ሊዝ በአንድ ሚዛን እንዳይመዘኑብዎት። ግንባታው ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቤት ከሆነ ደግሞ ዝውውሩ ራሱ በሕግ የተገደበ ስለሆነ፣ የእሱን ዋጋ ለማነጻጸሪያ አይያዙት።

የእውነተኛውን ዋጋ ፍንጭ ያገኘሁት ግን ከቢሮው ውጭ፣ በጃንጥላ ጥላ ሥር ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ራፖር ጸሐፊ ነው። ያቺን ማመልከቻዬን የጻፉልኝ እርሳቸው ነበሩ። ስመላለስ አይተው አዘኑልኝና፣ «ልጄ፣ ባለቤቶቹን አልነግርህም፤ የሸዋ በርንና የሰኞ ገበያን ልዩነት ግን እነግርሃለሁ» ብለው፣ በእጃቸው ያለፉ ውሎች በየሰፈሩ ከየት እስከ የት እንደሆኑ አስረዱኝ። ውል ሲጻፍ እውነተኛው ቁጥር አስቀድሞ በቃል የሚነገረው በጸሐፊውና በምስክሮቹ ፊት ስለሆነ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያውቁትን ማንም አያውቅም። ለጊዜያቸውም የሚገባቸውን ይክፈሏቸው።

ከዚያ በኋላ የደረስኩበትን መንገድ ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ያገኘሁት ነው። በእኛ ከተማ ቤት ገዝቶ የገባ ሰው እድር ሳይገባ አይከርምም። ስለዚህ በሚፈልጉት ሰፈር የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አግኝተው፣ በዓመቱ ቤት ገዝተው አዲስ የገቡ አባወራዎች እነማን እንደሆኑ በአክብሮት ይጠይቁ። እኔን የእድሩ ጸሐፊ ራሳቸው ወስደው ከአንዲት ገዢ ጋር አገናኙኝ። እማማ በመጀመሪያ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ በአቦሉ ስለ ሀገር ሰላም፣ በቶናው ስለ እናቴ ሕመም ተጫወትን፤ በረካው ላይ ደርሰን ሲኒው ሲቀዳ ግን የከፈሉትን፣ ለደላላ የሰጡትንና ለስም ማዛወሪያ ያወጡትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሻጭ ዋጋውን የሚሰውርበት ምክንያት አለው፣ ደላላም የሚያስወድድበት ምክንያት አለው፤ የገዛ ሰው ግን ከሌላ ገዢ የሚደብቀው እምብዛም ስለሌለው፣ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የማምነው እሱን ነው።

ገዢውን ሲያገኙ «ስንት ገዛችሁ?» ብቻ ብለው አይመለሱ። መቼ እንደገዙ ይጠይቁ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከተያዙበት ከ2014 በፊት የነበረ ዋጋ ዛሬ አይጠቅምዎትም፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት የተሸጠውንም ቢሆን በጥንቃቄ ይዩት። የስም ማዛወሪያው በማን እንደተከፈለ ይጠይቁ፤ «ሁሉም ወጪ በገዢ» የተባለበት ሽያጭ ከሚነገረው ዋጋ በላይ ነው። መኪና በር ድረስ መግባቱን፣ ቤቱ የኮሪደር ልማት በሚነካው መንገድ ዳር መሆን አለመሆኑንም አይርሱ።

የቦታውን ተዳፋትነት ግን ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ሰፈሮች እንዳሏት ሁላችንም እናውቃለን። ለእኔ እንደ ርካሽ የቀረበልኝ አንድ ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ እስከ መሠረቱ የወረደ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው፤ በኖራ ተደፍኖ ከላዩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከኋላው የነበረው የድጋፍ ግንብም ወደ ውጭ ጎብጧል። ግንቡን እንደገና ለመሥራት ግንበኛ የጠራልኝን ሒሳብ ስደምርበት፣ ቤቱ ከሜዳው ላይ ቤት ይወደድ ነበር። ስለዚህ የሜዳና የተዳፋት ቤት ዋጋ አያቀላቅሉ፤ ቤቶቹንም ከክረምት በኋላ ቢያዩዋቸው ይመረጣል።

ሌላው በግልጽ የሚነገር ዋጋ የሐራጅ ነው። ባንኮችና ፍርድ ቤቶች የሚያወጡት ማስታወቂያ በአዲስ ዘመንና በበኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የቤቱ ስፋት፣ የካርታ ቁጥርና መነሻ ዋጋ ይጻፍበታል። መነሻው የሽያጭ ዋጋ ስላልሆነ በዕለቱ ቦታው ላይ ተገኝተው መዝጊያውን ይስሙ። ለመጫረት ብዙ ጊዜ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) ማስያዝ ይጠይቃል፤ ቆሞ ለመስማት ግን ምንም አያስከፍልም። ነዋሪ ያለበት ቤት በሐራጅ ርካሽ ሊሄድ እንደሚችል ግን ያስቡበት።

ኮምቦልቻንም እንደ አማራጭ ስላነሡ፣ እዚያ ሜዳማነቱና ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከፋብሪካዎቹ የሚመጣው የቤት ኪራይ ፍላጎት ዋጋውን በሌላ መንገድ ስለሚወስነው፣ የደሴን ቁጥር ወደዚያ አይውሰዱ። የእድሩ መንገድ ግን እዚያም ይሠራል።

አሁን የሚፈልጉትን ሰፈር፣ የቦታውን ስፋትና ነባር ይሁን ሊዝ ቢጽፉልን፣ እኔም በአካባቢው የማውቃቸውን ሽያጮች የባለቤቶቹን ስም ሳልጠቅስ ከነጊዜያቸው እጨምርልዎታለሁ፤ በዓመቱ የገዛችሁ አባላትም የከፈላችሁትን ብትገልጹላት ትልቅ ውለታ ነው።